ሳሌም፦ የዳኛው መቃብር እና የሀውቶርን ልቦለድ

የአሜሪካዊውን ደራሲ የናትናኤል ሀውቶርንን አጫጭር ልቦለዶች በክፍል እያጠናን ነበር። «ያንግ ጉድማን ብራውን» ላይ ስንደርስ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ብራውን ጫካ ውስጥ ያየው እውን ነው ወይስ ሕልም? ተከራከርን፣ መቋጫ ግን አልተገኘም። እኔ ደግሞ ታሪኩ የሚካሄድበትን አካባቢ ሳላይ መፍረድ አልዋጥልኝ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከቦስተን ኖርዝ ስቴሽን ባቡር ይዤ ሳሌም ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ብራውን ገና ያገባት ሚስቱን ተሰናብቶ አመሻሽ ላይ ጫካ ይገባል። እባብ የሚመስል ዱላ የያዘ ሰው ያገኘውና ይመራዋል። ጫካው መሃል የሰይጣን ጉባኤ ተሰብስቧል። የተሰበሰቡት ሰዎች ደግሞ ብራውን የሚያከብራቸው ናቸው። ሰባኪው አለ። በልጅነቱ ሃይማኖት ያስተማረችው አሮጊት አለች። ሚስቱ ሳትቀር አለች። ሲነጋ መንደሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ማንንም አላመነም።

ሳሌም ዛሬ በጠንቋይ ስም የምትነግድ ከተማ ናት። ሱቆቹ በሹል ኮፍያ ተሞልተዋል። የፖሊስ አርማ ላይ እንኳ በመጥረጊያ የምትበር ጠንቋይ ተስላለች። ይሄ በጣም ከበደኝ። እ.ኤ.አ. በ1692 እዚህ በጠንቋይነት ተከሰው የተገደሉት ሰዎች ጠንቋዮች አልነበሩም። 19ኙ ተሰቀሉ፣ አንዱ ሽማግሌ በድንጋይ ክብደት ተጨፍልቆ ሞተ።

ሀውቶርን በ1804 የተወለደበትን ቤትና የሠራበትን የጉምሩክ ሕንፃ አየት አድርጌ አለፍኩ። ልቤ ያለው ቻርተር ስትሪት ነበር።

እዚያ በ1992 የተሠራ መታሰቢያ አለ። ዝቅ ካለ የድንጋይ ግንብ 20 መቀመጫዎች ወጥተዋል፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ። መግቢያው ላይ ያለው ንጣፍ ድንጋይ ተከሳሾቹ «ንጹህ ነኝ» እያሉ የተናገሩት ተቀርጾበታል። ዓረፍተ ነገሩን እየተከተላችሁ ስታነቡ ግንቡ ጋ ሲደርስ መሃል ላይ ቁርጥ ይላል። ያኔም ሲናገሩ የሰማቸው አልነበረም።

አንዱ መቀመጫ ላይ «ማርታ ኬሪየር፣ ተሰቅላ፣ ኦገስት 19 ቀን 1692» የሚል አነበብኩ። ደነገጥኩ። ይህች ሴት ልቦለዱ ውስጥ አለች! የሲኦል ንግሥት እንደምትሆን ሰይጣን ቃል የገባላት ተብላ ነው የገባችው። ጉዲ ክሎይስ የተባለችው አሮጊትም የእውነት ሰው ስም ይዛለች። ሳራ ክሎይስ ተከሳ ታስራ ነበር፣ በሕይወት ተረፈች። ሁለት እህቶቿ፣ ርብቃ ነርስና ሜሪ ኢስቲ፣ ተሰቀሉ። የእነሱም መቀመጫ እዚሁ ነው።

ከግንቡ ማዶ ያለው አሮጌ መቃብር ነው። በ1717 የሞተው ጆን ሀቶርን እዚያ ተቀብሯል። ተከሳሾቹን ሲያፋጥጥ የነበረ ዳኛ ነው፣ የደራሲው የአያቱ አያት። ሌላው ዳኛ ሳሙኤል ሴዋል በ1697 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕዝብ ፊት ጥፋቱን አምኗል። ሀቶርን ግን እንዲህ አላደረገም። ደራሲው በወጣትነቱ የቤተሰቡን ስም አጻጻፍ በአንድ ፊደል ለወጠው።

እዚያ ቆሜ የክፍላችን ክርክር ሌላ መልክ ያዘብኝ። ያኔ ፍርድ ቤቱ «መንፈሷ መጥታ አሠቃየችኝ» የሚል ምስክርነት ይቀበል ነበር። ተከሳሿ ቤቷ ተኝታ ብትውልም እንኳ ምስሏን አየሁ ያለ ይታመናል። ብራውንስ ምን አደረገ? በጨለማ ምስል አየና በጎረቤቶቹ ሁሉ ፈረደ። ሕልምም ይሁን እውን፣ ማስረጃው ያው የዳኛው ማስረጃ ነው። ሀውቶርን የተገደሉትን ሰዎች ስም ጠንቋይ አድርጎ ያስገባው እነሱን ለመክሰስ አይመስለኝም። እኛ አንባቢዎቹ በብራውን ዓይን አይተን እንድንፈርድባቸው ፈልጎ ነው። እኔም ልቦለዱን ሳነብ ማርታ ኬሪየርን ሳልጠራጠር ጠንቋይ ብያት አልፌያለሁ። በቡዳነት የተጠረጠረ ቤተሰብን መንደሩ እንዴት እንደሚሸሽ ያየ የአገራችን ሰው ይህ ይገባዋል።

ብራውን የተነሳበት የሳሌም መንደር ዛሬ ዳንቨርስ ይባላል፣ ከሳሌም ሩቅ አይደለም። የርብቃ ነርስ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው እርሻ እዚያ ሙዚየም ሆኗል። ቀን የተረፈው ሰው ከመታሰቢያው ቀጥሎ ወደዚያ ይሂድ፤ ልቦለዱን ግን ከሁለቱም በፊት ያንብብ።