የፓሪስን ጉብኝት ከመዝጊያ ቀናት ተነስቶ ማቀድ

ለመጪው የፓሪስ ጉዞዬ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ዕቅድ ለዓይን የሚያምር ሰንጠረዥ ነበር፤ ለ5 ቀናት ቆይታ 22 ስፍራዎችን በየሰዓቱ ደልድዬ፣ ሉቭር ሙዚየምን ማክሰኞ ጠዋት ላይ አስቀምጬው ነበር። ስህተቴን ያወቅሁት ትኬት ለመግዛት ስሞክር ያቺ ዕለት አልመረጥ ስትለኝ ነው። ሉቭር ማክሰኞ ማክሰኞ ዝግ ነው።

ሰንጠረዡን ሰርዤ እንደገና ስጀምር ከሁሉ አስቀድሜ የመዘገብኩት የእያንዳንዱን ስፍራ የመዝጊያ ቀን ነው። የኦርሴ ሙዚየምም ሆነ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሰኞ ይዘጋሉ። ማክሰኞ ደግሞ ሉቭር ስለማይከፈት ቬርሳይ ከወትሮው ይበልጥ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ እርሱን ወደ ዓርብ አዛወርኩት። በአንጻሩ ሉቭር ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ኦርሴ ደግሞ ሐሙስ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ክፍት ሆነው ያመሻሉ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለበት የፖምፒዱ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ለዓመታት በሚዘልቅ እድሳት ምክንያት በሩን ስለዘጋ ከዝርዝሬ ወጥቷል። (ትኬት ላይ 15:00 የሚል ሰዓት ያየ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበል፤ ለአፍታም ቢሆን እኔንም አደናግሮኛል።)

ሉቭርን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገብቼ እስከ ምሽት ለመቆየት ወስኛለሁ። ሕንፃው በአንድ ቀን ተጎብኝቶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አንድ ክንፍ መርጦ ሌላውን መተው ግድ ይላል። ሞናሊዛን ለማየት የሚጋፋው ሕዝብ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደሆነችው ሥዕል ስልኩን ዘርግቶ ሲቆም፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊቷ ለተሰቀለው የቃና ዘገሊላ ሰርግ ጀርባውን መስጠቱ ነው። ፓውሎ ቬሮኔዜ እ.ኤ.አ. በ1563 ያጠናቀቀው ይህ ሥዕል ቁመቱ ወደ 7 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። እኔ ወደዚያ አዳራሽ የምገባው በዋነኝነት ለእርሱ ነው።

የቪዛው ጉዳይ በቅደም ተከተል ረገድ አስቸጋሪ ነው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ቢበዛ 6 ወር፣ ቢያንስ ደግሞ 15 ቀን ቀድሞ መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን እና የማረፊያ ማስረጃ ይጠየቅበታል። ቪዛው ሳይገኝ ማረፊያ መያዝ የግድ ስለሆነ፣ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ክፍል ያዝኩ፤ ገንዘባቸው የማይመለስ የሙዚየም ትኬቶችን ግን ቪዛው ከተመታልኝ በኋላ ነው የምገዛው።

ማረፊያ ስመርጥ የረዳኝ የከተማዋ አከፋፈል ነው። ፓሪስ አሮንዲስማን በሚባሉ 20 ወረዳዎች የተከፈለች ስትሆን፣ ቁጥሮቹ ከመሃል ተነስተው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ውጭ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። የፖስታ ቁጥሩ 75005 ከሆነ ቤቱ በ5ኛው ውስጥ ነው ማለት ነው። ከአይፍል ማማ ሥር ከማደር ይልቅ፣ ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው ኤር ኧ ኤር ቤ (RER B) የተባለው ባቡር የሚያልፍበትን ሰፈር መርጫለሁ፤ ሻንጣ ተሸክሞ የሜትሮ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይመቸኝም።

የትራንስፖርት ካርዱም ቢሆን በዕለታት የታሰረ ነው። ናቪጎ የሚባለው ሳምንታዊ ካርድ ከሰኞ እስከ እሑድ እንጂ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ለ7 ቀን አያገለግልም፤ ሐሙስ ለሚደርስ መንገደኛ ብዙም አያዋጣም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚደረገውን ጉዞም ስለሚሸፍን፣ ሰኞ ጠዋት የሚገባና ቅዳሜ የሚመለስ በረራ ፈለግሁ።

ማክሰኞ በሴን ወንዝ መሃል የምትገኘው የሲቴ ደሴት ቀን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ በታኅሣሥ 2024 የተከፈተው ኖትርዳም መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፍ ለማሳጠር ያለ ክፍያ ሰዓት ማስያዝ ይቻላል። በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚርቀው የሳንት ሻፔል ጸሎት ቤት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሉዊ 9ኛ የተሠራ ሲሆን፣ ባለቀለም መስታወቶቹ ብርሃን ስለሚፈልጉ የእኩለ ቀንን ሰዓት መርጫለሁ። የሚገኘው በፍትሕ ቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ በመሆኑ ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው፤ መቀስም ሆነ ቢላ ይዞ መሄድ አይገባም። አይፍል ማማን ከሥሩ አይቼ አልፋለሁ፤ ከፍ ብሎ ለማየት አርክ ደ ትሪዮምፍ የተባለው የድል ቅስት 284 ደረጃዎች ይበቁኛል፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ማማው ራሱም ይታያል።

ሁለተኛው ሰንጠረዥ 9 ስፍራዎች ብቻ አሉት። የሐሙስ ከሰዓት ሣጥን ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል፤ ከዘነበ ኦርሴ አምሽቶ ይጠብቀኛል፤ ካልዘነበ ደግሞ ስሙ አዲሱ ድልድይ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1607 ተጠናቅቆ ዛሬ የፓሪስ አንጋፋ ድልድይ ከሆነው ፖን ነፍ ተነስቼ የሴንን ዳርቻ ይዤ እጓዛለሁ።