ጎጂራን ከነዘመኑ ማየት

የ1950ዎቹን የግዙፍ አውሬ ፊልሞች አብዝቼ እወዳለሁ። ጥቁርና ነጭ ናቸው። አውሬው ላስቲክ መሆኑ ያስታውቃል። ታሪኩም ቶሎ አይነሳም። ያም ሆኖ በኮምፒውተር ከሚሠሩት ከአዳዲሶቹ ይበልጥ ይይዙኛል። ለዚህ ያበቃኝ አንድ ልማድ ነው፤ ፊልሙን ከመክፈቴ በፊት የተሠራበትን ዓመት አነባለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጃፓኑ «ጎጂራ» ልጀምር። ብዙዎቻችን ጎድዚላ የምንለው፣ በቦምብ ሙከራ ምክንያት ከባሕር የሚነሳው አውሬ ነው። ማርች 1 ቀን 1954 ጠዋት አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች፣ ቢኪኒ በሚባለው ቦታ፣ አዲስ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ፍንዳታው 15 ሜጋቶን ደረሰ፤ ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የሠሩት ሳይንቲስቶች እንኳን ያን ያህል አልጠበቁም። «አደገኛ» ተብሎ ከተከለለው ባሕር ውጭ አንዲት የጃፓን ቱና አጥማጅ ጀልባ ነበረች፤ ስሟ ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ። ሰማዩ በድንገት በራ። ቆይቶ ነጭ አመድ ዘነበባቸው። 23ቱም መርከበኞች በጨረር ታመሙ። የሬዲዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማ ሴፕቴምበር 23 ሞተ።

ፊልሙ የወጣው ኖቬምበር 3 ነው። በእኛ አገር ቢሆን የኩቦያማ አርባ ገና መውጣቱ ነበር።

ይህን አውቃችሁ የፊልሙን መክፈቻ እዩት። መርከበኞች ከሥራ አርፈው ጊታርና ሃርሞኒካ ይጫወታሉ። ባሕሩ በድንገት ያበራል፣ መርከቧ በእሳት ትያያዛለች፣ የሬዲዮ ሠራተኛው የድረሱልን ጥሪ ያስተላልፋል። አውሬ የለም፤ ጭራው እንኳን አይታይም። የቶኪዮ ተመልካች ግን ስለማን እንደሚወራ ለማወቅ ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ያደረግኩት ነገር ትክክለኛውን ቅጂ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። አሜሪካኖቹ በ1956 ፊልሙን ቆራርጠው፣ ሬይመንድ በር የሚባለውን ተዋናይ በጋዜጠኛነት አስገብተው እንደገና አወጡት። በጃፓኑ ቅጂ ባቡር ውስጥ ተራ ሰዎች ያወራሉ፤ ስለተበከለ ቱና፣ ስለ ጨረር ዝናብ። አንዲት ሴት ከናጋሳኪው አቶም ቦምብ ለጥቂት እንዳመለጠች ትናገራለች። ያ ወሬ በአሜሪካው ቅጂ የለም። ከዚያ በኋላ የቀረው ከተማ የሚያፈርስ አውሬ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ የጃፓኑን እዩ። ሌላውን ከፈለጋችሁ በኋላ፣ ምን እንደተወሰደበት ለማወቅ ያህል።

የጃፓኑን ቅጂ ከአክስቴ ጋር ነው ያየሁት። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ከሥር የሚጻፈውን እየተረጎምኩላት። አውሬው ጊንዛ የሚባለውን ሰፈር ሲያቃጥል፣ አንዲት እናት መንገድ ዳር ተቀምጣ ልጆቿን አቅፋ «አባታችሁ ጋ ልንሄድ ነው» ትላቸዋለች። ያንን ስተረጉምላት አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ዓይኔ አውሬው ላይ ነበር። ትንሽ ቆይታ «አንተ፣ እሱን ተወውና ያቺ እናት ምን ሆነች?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ነው የማየው። አውሬው ሲመጣ አውሬውን ሳይሆን ሰዎቹን እከተላለሁ። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሐኪም የጨረር መለኪያውን ወደ ትንሽ ልጅ አስጠግቶ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅበት ቦታ አለ። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፣ ያልፋችኋል። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከቻይና ጦር ግንባር ወደ አገሩ ሲመለስ በሂሮሺማ በኩል አልፏል። እነዚህን ትዕይንቶች ሳይ ይህ ከአእምሮዬ አይወጣም።

ስለ ላስቲኩ ልብስም ላውራ። የልዩ ትዕይንቶቹ ኃላፊ ኤይጂ ሱቡራያ እንደ «ኪንግ ኮንግ» ፊልም በአሻንጉሊት፣ ፍሬም በፍሬም (ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ፎቶ እያነሳ) ሊሠራው ፈልጎ ነበር። ጊዜውም ገንዘቡም አልበቃም። ስለዚህ ሃሩኦ ናካጂማ የተባለ ተዋናይ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልብስ ለብሶ፣ በ1/25 መጠን በተሠራች ቶኪዮ ውስጥ ተራመደ። አውሬው 50 ሜትር ነው ተብሏል። ለ25 ስታካፍሉት 2 ሜትር ይመጣል፤ ልብስ የለበሰ ሰው ቁመት ማለት ነው።

ግን ትንሽ ነገር ቶሎ ይወድቃል። ከ2 ሜትር የተለቀቀ ድንጋይ በ0.64 ሰከንድ መሬት ይደርሳል። ከ50 ሜትር ሲሆን 3.2 ሰከንድ ይፈጃል፣ አምስት እጥፍ። ዘዴው ካሜራውን ከተለመደው በላይ አፍጥኖ መቅረጽና በተለመደው ፍጥነት ማሳየት ነው። ይህን ግቢያችን ውስጥ ሞከርኩት። የካርቶን ሳጥኖች ደርድሬ፣ ፉርኖ ዱቄት ነስንሼ፣ ስልኬን በስሎ ሞሽን አድርጌ በእግሬ ገፋኋቸው። በዓይን ሲታይ ሳጥን ወደቀ፣ በቃ። በስልኩ ሳየው ግን ፎቅ የሚናድ ይመስላል፤ አቧራው ቀስ ብሎ ይነሳል። እናንተም ሞክሩት። ከዚያ በኋላ የናካጂማን እያንዳንዱን እርምጃ በአክብሮት ነው የምታዩት።

ድምፁንም አትለፉት። የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ የአውሬውን ጩኸት ያገኘው የኮንትራባስ (የትልቁ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) ክር ላልቶ፣ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ሲታሽ ነው። መብራት አጥፍቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ሕመምም ሰማሁበት።

ከዚህ በኋላ ከአሜሪካ ወገን በዚያው በ1954 የወጣውን «ዜም!» («እነሱ!» ማለት ነው) አስቀምጡ። በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ በ1945 የመጀመሪያው አቶም ቦምብ በተሞከረበት ግዛት፣ ጉንዳኖች መኪና የሚያክሉ ይሆናሉ። አሠራሩ እንደ ፖሊስ ምርመራ ነው። መጀመሪያ ቃል የጠፋባት ሕፃን፣ ከዚያ የፈረሰ ቤት፣ ከዚያ የሚያፏጭ ድምፅ። ጉንዳኑ እስኪታይ ግማሽ ሰዓት ያህል ትጠብቃላችሁ፤ ፊልሙን ያሳመረው ያ መጠበቅ ነው።

ሁለቱን አከታትዬ ሳይ የገረመኝ መጨረሻቸው ነው። ቦምቡን የጣለው አገርና ቦምቡ የወደቀበት አገር፣ በአንድ ዓመት፣ የመጨረሻውን ቃል ለአንድ ሽማግሌ ሳይንቲስት ሰጡ። የአሜሪካው፣ ሰው ወደ አዲስ ዓለም በር ከፍቷል፣ እዚያ ምን እንደሚጠብቀው ግን ማንም አያውቅም ይላል። የጃፓኑ ደግሞ ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎጂራ ይመጣል ይላል። በአሜሪካው ጦሩ ደርሶ አገር ያድናል። በጃፓኑ ጦሩ ምንም አይፈይድም። የሚያድነው ዶክተር ሴሪዛዋ የፈጠረው መሣሪያ ነው። እሱም ሌላ ቦምብ እንዳይሆን ጽሑፎቹን አቃጥሎ፣ ራሱም ከአውሬው ጋር ባሕር ውስጥ ይቀራል። ለእኔ የጃፓኑ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ማሸነፍን ዋጋ እንደማያስከፍል አድርጎ አያቀርብም።

ልትጀምሩ ከፈለጋችሁ በዚህ ተራ እዩ፦ በ1953 የወጣውን፣ ሬይ ሃሪሃውዘን አውሬውን ፍሬም በፍሬም ያንቀሳቀሰበትን «ዘ ቢስት ፍሮም 20,000 ፋቶምስ»፣ ቀጥሎ «ዜም!»፣ ከዚያ «ጎጂራ»። በመጨረሻ የሆንዳን የ1956 «ሮዳን» ጨምሩ፤ እሱ በቀለም ነው፣ መነሻውም የከሰል ማዕድን ቁፋሮ ነው። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትጨርሱ። በየመሐሉ ጥቂት ቀን ተዉና ስለ ዓመቱ አንብቡ።