ጋሼን በጾም ዶሮ በሉ አልኩ

ብልጥ መሆኔ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ የዶሮ ዋጋ እንደማይቀመስ ስለማውቅ፣ ዘንድሮ ገና ጾሙ ሲገባ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሦስት ዶሮ ገዛሁ። አንድ አውራ፣ ሁለት እንስት። ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጥሬ እያበላሁ አወፍራለሁ፤ ሰው በመጨረሻው ቀን ሲራኮት እኔ ቢላዬን እየሳልኩ እስቃለሁ።

የምኖረው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ዝቅ ብሎ፣ ሦስት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። ዶሮዎቹን ለቀቅኳቸው። በሦስተኛው ቀን ግቢው የእነሱ ሆነ፤ እኛ ተከራይ መሆናችን ያኔ ነው የገባን።

ዶሮን ሞኝ የሚል ሰው አብሯት አልኖረም። አውራውን ደጃች ብዬዋለሁ። ጥሬ ሲያገኝ አይበላም። ቁት ቁት እያለ ሴቶቹን ይጠራል፣ ፍሬዋን አንስቶ ይጥላል፣ ደግሞ ያነሳል። እንዴት ያለ ጨዋ ነው ስል ሰነበትኩ። ቆይቼ ሳየው ግን አንዳንዴ ምንም ሳይኖር ይጠራል። ሮጠው ሲመጡ መሬቱ ባዶ ነው። ፒያሳ እንዲህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ፤ ምሳ ጋብዞ ሒሳብ ሲመጣ ቦርሳውን የሚረሳ። ዘበኝነቱ ግን አይታማም። ጭልፊት ሰማይ ላይ ስትዞር የሚያወጣው ድምፅ ሌላ ነው፣ ውሻ በበር ሲገባ ሌላ። በሳምንቱ እኔም ለመድኩትና የጭልፊቱን ስሰማ ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ቀይዋ ሆዳምና ፈሪ ናት። ስለ እሷ ብዙ የሚወራ የለም።

ገብስማዋ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ቀይዋ ቀድማ ልትበላ ስትል አናቷን አንዴ ትነቁራታለች፣ አለቀ። ከ100 ዓመት በፊት አንድ ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ኖሮ፣ ማን ማንን እንደሚነቁር መዝግቦ ስሙ በዓለም ተጠራ። እኛ ግቢ ቢመጣ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰው ነበር። እኔንም ቢሆን አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ነው የምታየኝ። ልክ የቤት ኪራይ እንዳልከፈልኳት።

እንቁላሏን ግን አንድ ቀን አላየሁም። «ይቺስ መሃን ናት፤ ለፋሲካ መጀመሪያ የምትታረደው እሷ ናት» አልኩ። ይህን ያልኩት እሷው ፊት፣ ጮክ ብዬ ነው።

በኒቆዲሞስ እሑድ ማታ ቆጡን ስቆጥር ሁለት ሆኑ። ገብስማዋ የለችም። ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ቦዩን ፈተሽኩ፣ ሸለምጥማጥ በልቷት እንደሆነ ብዬ ደም ፈለግሁ። ምንም። በማግስቱ ግን ከጎኔ የሚኖሩት ጋሼ በር አጠገብ ላባ አየሁ። ሦስት ለስላሳ ገብስማ ላባ። ከቤታቸው ደግሞ የቁሌት ሽታ ይመጣል።

ጋሼ ማለት ጾም ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ የማይቀምሱ ሰው ናቸው። እኔ ግን ዶሮዬ ጠፍታብኛለች፣ አእምሮዬም አብሯት ሄዷል። በራቸው ላይ ቆሜ እንደ ቀልድ፦

«ጋሼ፣ የዛሬው ሽሮ ዶሮ ዶሮ ይሸታል እኮ» አልኩ።

ዝም አሉ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አልክ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልተርክ ደስ ይለኛል። አከራያችን እማማ «እግዚኦ!» እያሉ ወጡ። ጋሼ ድስቱን ይዘው ግቢው መሃል አስቀመጡና ክዳኑን ከፍተው «ና ቅመስ! በሥላሴ ና ቅመስ!» አሉ። ቀመስኩ። ሽሮ ነው። ጨው ያንሰዋል፤ ይህን ግን አልተናገርኩም።

የፋሲካ ለት በቀይዋ ገደፍን። አንድ ሳህን ወጥ ከነእንቁላሉ ለጋሼ ይዤ ሄድኩ። «ተወው ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ በጾም ስለበላሁ ጠግቤአለሁ።»

በዚህ ሁሉ መሃል የጥሬው ጆንያ ጥጉ ተቀዶ ይጎድላል። አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ገዛሁ። የያዘው የእግሬን አውራ ጣት ነው። መተላለፊያው ላይም በየቀኑ አንድ ትልቅ፣ የሚያስደነግጥ ኩስ አገኛለሁ። ደጃች ሆዱን አሞታል ብዬ አዘንኩለት።

ለዳግም ትንሣኤ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩኝም ነበር።

«ና እስቲ ውጣ፤ የበላኋት ዶሮ መጥታልሃለች። ልጆቿን ይዛ!»

ወጣሁ። ገብስማዋ ክንፏን ነፍታ፣ ስምንት ጫጩት አስከትላ በግቢው መሃል ትንጎራደዳለች። የመጣችው ከማድቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ የተሰበረ የእማማ የጠላ ጋን በጎኑ ተጋድሟል፣ ውስጡ ጭድ አለ። ጭዱን የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ግቢ አጸዳሁ ብዬ። ከመስኮቴ አምስት እርምጃ አይሞላም። መሃኗ ለካ እንቁላሏን እዚያ እያጠራቀመች ነበር። ላባውም የራሷ የደረት ላባ ነው፤ የታቀፈች ዶሮ ትነጨዋለች። በቀን አንዴ ወጥታ ከጆንያዬ ትበላለች፣ ያንን ኩሷን ጥላ ትመለሳለች። ከኒቆዲሞስ እስከ ዳግም ትንሣኤ ቁጠሩት። ልክ 21 ቀን ነው፣ ጫጩት የሚፈለፈልበት። ፋሲካ መሃል ላይ አልፏል። የጫጩት እናት ደግሞ ማን ያርዳል?

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። በእኛ ግቢ መጫኛው ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ።

ጋሼን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ ሽማግሌ ሆነው ሁለት ጫጩት ካሳ ፈረዱብኝ፤ እናታቸውን ሲለቁ ልሰጥ። ጊዜው ሲደርስ ሰጠሁ፣ ታረቅን፣ ቡና ጠጣን።

ትናንት ማታ ጋሼ እንደገና በሬን አንኳኩ። ከጫጩቶቹ አንዱ ጠፍቷል። ጠጋ አሉኝ፤ ምንም ሳይናገሩ አፌን አሸተቱ።