በአየር ነው የሚሄደው

ቆጋ መስኖ ላይ የቦይ ውሃ ከፍታ የሚለኩ 9 ሳጥኖች አሉን። ውስጣቸው ኤስቲኤም32 የሚባል አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ፣ በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ አንድ ሲም800 ሞጁል፣ አንድ ባትሪ። አናታቸው ላይ ትንሽ ሶላር። በየ15 ደቂቃው ይነቃሉ፣ ይለካሉ፣ ሞጁሉን አብርተው ቁጥሩን ወደ ሰርቨር ይልካሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ሥራቸው ይኸው ነው።

የመጨረሻውን ሳጥን የተከልን ቀን የአካባቢው የውሃ አባት አጠገባችን ቆመው ያዩ ነበር። ማን በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚወስድ የሚያዙት እሳቸው ናቸው፤ ቦዩን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ስንጨርስ «ሲበላሽሳ?» አሉኝ።

«አያ፣ ከእንግዲህ እኛ እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልገንም። ባሕር ዳር ቁጭ ብለን በአየር ነው የምናስተካክለው።»

ይህን ስል እጄን ወደ ሰማይ አንስቻለሁ። ማንም አንሳ ሳይለኝ።

ኩራቴ ባዶ አልነበረም። ቡትሎደሩን፣ ሳጥኑ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራውንና የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሣ የሚመርጠውን ትንሽ ኮድ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቺፑ ያለው ፍላሽ፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ቦታ፣ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። 8ቱን ለቡትሎደሩ፣ ሃያ ሰባት ሃያ ሰባቱን ለሁለት የፕሮግራም ቦታ፣ የተረፈችውን 2 ለምልክትና ለሴቲንግ አደረግኩ። አዲሱ ፕሮግራም ባዶው ቦታ ላይ ይወርዳል፤ አሮጌው ሳይነካ ይቆያል። (ኮዱን ለሁለቱም አድራሻ ለየብቻ ወደ ቺፑ ቋንቋ መቀየር አለብህ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።)

ለዚህች ሁለተኛ ቦታ ከአለቃዬ ጋር ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቄያለሁ። «ለማይመጣ እንግዳ ሁለት አልጋ» ይል ነበር። ሰፋ ያለ ፍላሽ ያለው ቺፕ እንግዛ ስለውማ ዋጋውን አይቶ ሳቀ። በመጨረሻ ሰለቸውና ተወኝ። እኔም እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት።

ከዚያ ባትሪ ማለቅ ጀመረ። ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሞጁሉ ኔትወርክ ሲፈልግ እስከ 60 ሰከንድ በርቶ ይቆያል። ሲም800 ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር የሚስብ ነገር ነው፤ እንዲያ አይነቱን እንግዳ በር ላይ አቁመህ አታስጠብቅም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቦርድ በ6 ወይ በ7 ሰከንድ ኔትወርኩ ላይ ይመዘገባል። ስለዚህ 60 የሚለውን 10 አደረግኩት። የቀየርኩት ያንን ቁጥር ብቻ ነው።

ጥንቃቄ አላደረገም እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ለአንድ ሳጥን ብቻ ላክሁ። ሁሉም ሰው «በአንዱ ሞክረህ እይ» ይላል፣ እኔም ሞከርኩ። የመረጥኳት ሳጥን መራዊ ከተማ ዳር ያለችው ነች። ፕሮግራሙ 24 ኪሎባይት ነው፤ በ512 ባይት ተቆራርጦ 48 ቁራጭ ሆኖ ወረደ፣ የእያንዳንዱ ሲአርሲ (ሳይበላሽ መድረሱን የሚያሳየው ቁጥር) ትክክል፣ የጠቅላላውም ትክክል። ሳጥኗ ተነሥታ አዲሱን ቨርዥን ይዛ ብቅ አለች። ቀኑን ሙሉ አየኋት። ባትሪው ደስ ይላል።

ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለቀሩት 8 ላክሁ። ስምንቱም አወረዱ። ስምንቱም «ትክክል» አሉ። ስምንቱም ሪስታርት አደረጉ። ሦስቱ ተመለሱ።

አምስቱ ዝም።

የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ኔትወርክ ነው አልኩ። አገሩ ሁሉ የሚለው ነው፤ እኔስ ለምን አልል? በሁለተኛው ሰዓትም ኔትወርክ ነው አልኩ። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ የእኔ ቁጥሮች ግን ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የትም አልገቡም። ቡትሎደሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ አንድ ስህተት የለውም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያቺን 10 ቁጥር አየኋት። አይቼ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

እነዚያ አምስቱ ከታወር የራቁት ናቸው። ለመመዝገብ 20ም 30ም ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። አሁን ግን 10 ሰከንድ ፈልገው ሞጁሉን ያጠፋሉ፣ ይተኛሉ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያንኑ ይደግማሉ። ዋችዶጉ፣ ፕሮግራም ሲንጠለጠል ቺፑን እንደገና የሚያስነሣው ቆጣሪ፣ ምንም አላለም፤ ምን ይበል? ፕሮግራሙ አልተንጠለጠለም፣ በሰዓቱ ይመግበዋል። አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ እዚያው ሁለተኛው ቦታ ላይ ሙሉ ጤናማ ሆኖ ተቀምጧል። ቡትሎደሩ ወደ እሱ የሚመለሰው አዲሱ «ሠርቷል» የሚል ምልክት ሳይጽፍ ሲቀር ነው። እኔ ደግሞ «ሠርቷል» የሚለውን ምልክት የጻፍኩት የፕሮግራሙ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ደህና ነኝ ይላል።

አልጋውስ ነበር። ቁልፉን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአለቃዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ለእሱ «የኔትወርክ ችግር» አልኩት፣ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መራዊ፣ ከመራዊ በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ካለበት በእግር። የካቲት ነው፤ ቦዩ ግራና ቀኝ ስንዴና ሽንኩርት ለምልሟል። የመጀመሪያውን ሳጥን ብሎን ስፈታ ውስጡ ጉንዳን ሰፍሯል። ኤስቲ ሊንኩን፣ ፕሮግራም በሽቦ የሚጭነውን መሣሪያ፣ አራት ሽቦ ሰክቼ ላፕቶፑን ስከፍት ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ የራሴ ፊት ብቻ ነው። ፀሐዩ አያስነካም።

በዚህ መሀል አንድ ከባድ ነገር ራሴ ላይ ወደቀ። ጋቢ ነው። የውሃ አባቱ ናቸው። ሳይጠሩ መጥተው፣ ምን እንደቸገረኝ አይተው፣ ጋቢያቸውን ከነላፕቶፔ አለበሱኝ። ጭስ ጭስ ይሸታል። ስክሪኑ ግን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር በሙሉ እኔ ጋቢ ውስጥ፣ እሳቸው ውጭ ሆነው ነው።

«ያኔ የመጣኸው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ አያ።»

«በአየር ነው የሚሄደው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ዛሬ በምን መጣህ?»

ዝም አልኩ። ሽቦው የላላ መስዬ ነካካሁት።

«በባጃጅ» አልኩ።

አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። «አየሩ ምን ሆኖ ነው?» አሉ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ ሁሉ።

«አየሩ ደህና ነው አያ። የላክሁትም ደህና ደርሷል። ደርሶ ነው መልስ መስጠት ያቃተው።»

ትንሽ አሰቡ። «ደርሶ ደህና ደረስኩ ካላለማ ምኑን ደረሰ?»

ጋቢው ውስጥ ሆኜ ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ። ስንት ገጽ ማኑዋል አንብቤ፣ ስንት ሌሊት ቡትሎደር ጽፌ፣ ያቺን ነገር ያላሰብኳት እኔ ነኝ። እናቴ እንኳ መንገድ በወጣሁ ቁጥር «ስትደርስ ደውል» ትለኛለች እንጂ «ስትነሣ ደህና ደረስኩ በል» አትለኝም። እሳቸው ግን ወዲያው ቀጠሉና ሳጥኑ የታመመው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለዞረ ነው፣ ወደ ተራራው አዙረው አሉኝ። ያን ጊዜ ትንሽ ቀለለኝ።

ላፕቶፔ አራተኛው ሳጥን ላይ ባትሪ ጨረሰ። አምስተኛውን እሑድ ተመልሼ ሠራሁት። ከመሄዴ በፊት የውሃ አባቱ አንድ ሸንበቆ አሳዩኝ። ጠዋትና ማታ ቦዩ ውስጥ እየነከሩ በቢላ ምልክት ያደርጉበታል፤ ከድሮ ጀምሮ ልማዳቸው ነው። ዓርብም አለ፣ ቅዳሜም አለ። በሜትር ለካሁት። ሪፖርቱ ላይ የዚያ ቦይ የሁለት ቀን ቁጥር ከምን እንደመጣ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

አሁን ቦርዱ «ሠርቷል» የሚለውን ምልክት የሚጽፈው ከሰርቨሩ መልስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካቃተው ወደ አሮጌው ይመለሳል። የመጠበቂያው ጊዜ 90 ሰከንድ ሆኗል፤ ባትሪውን ያዳንኩት በየ15 ደቂቃው መላኩን ትቼ በሰዓት አንዴ እንዲልክ በማድረግ ነው። ይህንን ሁሉ አድርጌ፣ በአንዷ ሞክሬ (በዚህ ጊዜ በጣም በሩቋ)፣ ለቀሩት 8 ላክሁ። በላክሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢሮ መብራት ጠፋ፣ ሰርቨሩም አብሮ ጠፋ። ስምንቱም ሳጥኖች ሦስት ሦስቴ ሞክረው፣ የሚመልስላቸው አጥተው፣ በታላቅ ትሕትና ወደ አሮጌው ፕሮግራም ተመለሱ። መብራት ሲመጣ ስክሪኑን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። በማግስቱ ደግሜ ላክሁ።

ስልክ ቁጥሬን ለውሃ አባቱ ሰጥቻቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወሉ። አንዱ ሳጥን ላይ የምታበራዋ ቀይ መብራት ጠፍታለች።

«ሰምቻለሁ አያ፣ አየዋለሁ» አልኩ።

«በጄ። በአየር ነው በባጃጅ?»

«በአየር ልሞክር» አልኩ። «ካልሆነ ቅዳሜ።»

«ጋቢውን አስቀምጥልሃለሁ» ብለው ዘጉት።