ላይ እና ታች፦ ደብተር ጭኜ በደሴ ሰፈሮች

ተወልጄ ያደግሁትም፣ መንዳት የተማርሁትም አዳማ ነው። ዙሪያውን ኮረብታ ቢኖርም መሐል ከተማው ሜዳ ስለሆነ የእጅ ፍሬን ለእኔ መኪና ካቆምሁ በኋላ የምስበው ነገር ብቻ ነበር። መኪና ለማስነሳትም እንደሚያስፈልግ የገባኝ ደሴ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ደብተርና የጽሕፈት መሣሪያ በፒክአፕ ጭኜ ለኮምቦልቻና ለደሴ ሱቆች ለማድረስ ተነሳሁ። የሚጠብቁኝ 26 ሱቆች ነበሩ፤ ስድስቱ ኮምቦልቻ፣ ሃያው ደሴ። ሁለቱንም ከተሞች ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንድ ጊዜ ወደ ወልድያ ሳልፍ፣ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ስለዚህ በዋዜማው ማታ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ሱቆቹን አንድ በአንድ ምልክት አደረግሁባቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት እየተመለከትሁም ቅደም ተከተል አወጣሁ። ለኮምቦልቻ ግማሽ ቀን፣ ለደሴ አንድ ቀን ተኩል መደብሁ፤ በማግሥቱ መመለስ ነው። ዕቅዱ ኮምቦልቻ ላይ በትክክል ሠራ። ጉዳቱም ይኸው ነበር፤ ዕቅዴን አመንሁት።

ኮምቦልቻ ለእንግዳ አሽከርካሪ አትከብድም። የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ስም ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ያለ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶባታል። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ከባድ መኪናዎቹን እየጠበቁ በትዕግሥት መንዳት እንጂ ሌላ ጥበብ አያስፈልግም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስድስቱንም ሱቆች ጨረስሁ። የመጨረሻው ባለሱቅ ዕቃውን ከተረከበኝ በኋላ ጎማዬን ዞር ብሎ አየና፣ «ሐረጎን ስትወጣ የያዝኸውን ማርሽ አስታውስ። ስትመለስም በዚያው ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ላይ እንዳትተኛ» አለኝ። ከጉዞው በፊት ከማንም ያላገኘሁት ምክር ነበር።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበረች። ይህ ዳገት ነው ሐረጎ የሚባለው። አጋማሹ ላይ መስኮቴን ዘጋሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ዋጠኝ። መጀመሪያ ረጅም መብራት አበራሁ። ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይኔ ላይ ስለደፋብኝ ግን የባሰ ጨለመብኝ። አጭሩን አብርቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ የመንገዱን ጠርዝ እየተከተልሁ ወጣሁ። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና አሽከርካሪ አንድ ጊዜ እንኳን ክላክስ አላደረገም። ማን እንደሆነ ባላውቅም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጉሙ ሲገለጥ ደሴ ከፊቴ ነበረች። በአንድ በኩል የጦሳ ተራራ፣ በሌላው በኩል አዝዋ ገደል፤ ከተማዋ በሁለቱ መካከል እንደ ገበታ ውስጥ ተቀምጣለች። ዋናው አስፋልት በርዝመቷ ያልፋል። ከእሱ ወጣ ያለው ሁሉ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ቤቶቹ አንዱ የሌላው ጣሪያ ላይ የተሠሩ ይመስላሉ። ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል፤ ደስታዬ ለማለት። ያን ጠዋት ስሙ የሚገባት ሆና ታየችኝ።

ችግሩ የጀመረው ከዝርዝሬ የመጀመሪያ መስመር ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉትን ሱቆች ለሰኞ ጠዋት መድቤአቸው ነበር። የሰፈሩን ስም ስንት ጊዜ ጽፌ፣ ስንት ጊዜ አንብቤ፣ ቀኑን አላሰብሁትም። እህል የጫኑ አህዮች፣ ጋሪዎች፣ ባጃጆች፣ ከገጠር የመጣ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ለመዞር ቦታ እስካገኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። የሰፈር ስም ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ሸዋ በር፣ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃ ሲባል አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያየውን ነገር ለመጪው እየነገረ ነው። አሁን አዲስ ከተማ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የሰፈሮቹን ስም ጮክ ብዬ ማንበብ ነው።

ከዚያ ወደ ጦሳ ግርጌ ዞርሁ። በካርታው ላይ በሁለት ሱቆች መካከል ያለው ርቀት 300 ሜትር እንኳን አይሞላም። ካርታው ርቀቱን እንጂ ዳገቱን አላሳየኝም። ኮብልስቶኑ የሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ ያንሸራትታል። እኩሌታ ላይ ስደርስ ከላይ ባጃጅ መጣ፤ ለማሳለፍ ቆምሁ። ስነሳ ሞተሩ ጠፋ። ድጋሚ አስነስቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ደግሞ መኪናው ወደ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ፤ የፍሪሲዮኑ የቃጠሎ ሽታም ጋቢናውን ሞላው። የኋላው አጥር የሰው ቤት ነው። በእውነት እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ሳልጠራቸው ሦስት ወጣቶች ድንጋይ ይዘው ደረሱ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረጉልኝ። አንደኛው በመስኮቱ በኩል፣ «አብሽር ጋሼ፣ አይወርድም» አለኝ። አሥር ካርቶን አውርደው በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። እኔም የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ሞተሩ እስኪከብደው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቅቄ፣ ከዚያ ፍሬኑን ፈትቼ ወጣሁ። ይህንን አነሳስ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ተምሬው ነበር፤ ከፈተናው ቀን በኋላ ግን ተጠቅሜበት አላውቅም።

ላይ ያለችው ባለሱቅ ካርቶኖቹን እንኳን ሳትቆጥር በርጩማ ሰጠችኝና ቡና ማፍላት ጀመረች። ገና 19 ሱቅ ስለሚቀረኝ ልቤ አልረጋም። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዝርዝሬን ተቀብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ቀኝ ነው ግራ ብለህ አትጠይቅ። ላይ ነው ታች ብለህ ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያ ሱቆቹን በቃላቸው ከፋፈሏቸው፤ የትኛው ከዋናው መንገድ በላይ እንደሆነ፣ የትኛው በታች እንደሆነ፣ የቱ ጋ መኪና እንደሚቆምና በእግር እንደሚገባ። ሦስተኛውን ስኒ ሳልጠጣ ብነሳ ኖሮ ይህንን አላገኝም ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የደሴው የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው ይላሉ። በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያንን ስም አሰብሁ።

ያን ቀን ከዚያ በኋላ አልነዳሁም። ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ መኪናዬን የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ትቼ፣ ታኮ ካቀበሉኝ ወጣቶች አንዱን፣ ባጃጅ ነጂውን፣ ለግማሽ ቀን ተኮናተርሁት። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሸዋ በር፣ ሮቢት፣ ሆጤ፣ መናፈሻ እያልን ሱቆቹን በሙሉ ባዶ እጃችንን ዞርናቸው። እሱ ሲነዳ እኔ መንገድ እንጂ መሪ ስለማላይ የማየው ሌላ ነበር። ውሃ የት እንደሚወርድ፣ የት ኮብልስቶኑ እንደተሸረሸረ፣ ሁለት መኪና የት እንደማይተላለፍ አየሁ። ማታ የካርቶን ክዳን ቀድዶ ካርታ ሠራልኝ። ሰሜንም ደቡብም የለውም። ከላይ ጦሳ፣ ከታች አዝዋ፣ መሐል አስፋልቱና የቦርከና ወንዝ። ክብ ምልክቱ መዞሪያ ነው፤ መስቀለኛው «አቁመህ በእግርህ ሂድ»፤ ጥቁር ቀስቱ «ዝናብ ከጣለ አትውጣ»።

ዕቅዴን ያፈረስሁት በዚያች ካርቶን ነው። የሱቆቹን ቅርበት ትቼ ጭነቱንና ሰዓቱን አስቀደምሁ። በታች ያሉትን ሱቆች ማክሰኞ ሙሉ ጭነት ይዤ ጨረስኋቸው፤ በላይ ያሉትን ረቡዕ፣ መኪናው ሲቀልልኝ። የላዮቹን ደግሞ ጉሙ ከተነሳ በኋላና የከሰዓቱ ዝናብ ሳይጥል፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ። ሁለት ሱቆች ጋ መኪናውን ታች አቁሜ ዕቃውን በሸክም አስገባሁ። ለሸክሙ የከፈልሁት ከተቃጠለ ፍሪሲዮን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሰኞ ገበያንም ረቡዕ ማለዳ ገባሁበት፤ የሰኞው መንገድ መሆኑን ለማመን አስቸገረኝ።

የተሳሳትሁት በሰዓት ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተማዋን እንደ ነጥቦች ስብስብ አይቻት ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ዳገት፣ የራሱ የገበያ ቀን፣ የራሱ የጉም ሰዓት አለው። ይህንን ደግሞ የሚያውቀው በየቀኑ የሚወጣው የሚወርደው ሰው ነው። በእኔ ሥራ ላሉ ሁሉ የምለው፣ ወደማያውቁት ከተማ ጭነት ይዘው ሲገቡ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን አይንዱ፤ በሌላ ሰው መኪና ይዙሩ። የባከነ የሚመስለው ያ ግማሽ ቀን ሁለት ቀን አትርፎልኛል።

ሐሙስ ጠዋት ባዶ መኪናዬን ይዤ ሐረጎን ወረድሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካሁ። ግማሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጥግ ይዞ ቆሟል፤ የጋለ ፍሬን ሽታ ከሩቅ ይመጣል። ቆሜ ሰላም አልሁት፤ እስኪበርድለት እየጠበቀ ነበር። ታኮው እንደተደረገ አይቼ መንገዴን ቀጠልሁ።

ኮምቦልቻ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ጦሳ ግርጌ ቡና ያጠጣችኝ ባለሱቅ ናት። ደብተሩ ከወዲሁ እያለቀባት ነው፤ ሃያ ደርዘን ትፈልጋለች። በሚቀጥለው ሳምንት እንደምመለስ ነገርኋት።

«እሺ ወንድሜ፣ በሰላም ና» አለችኝ። «ሰኞ ብቻ እንዳይሆን።»