ሆም ቴአትር በጠባብ ሳሎን፦ ስፒከሮቹን የት እናስቀምጥ?

በብዙ ቤቶች የማየው የሆም ቴአትር አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው። አምስቱም ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ በቲቪ ስታንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ ወፍራሙን ድምፅ (ባሱን) የሚያወጣው ሳጥን፣ ሰብ ዉፈሩ፣ ባዶ በተገኘ ጥግ ይወሸቃል፤ የኋላዎቹ ስፒከሮች ረጅም ሽቦም እንደ ተጠቀለለ ከቡፌው ጀርባ ይቀራል። ድምፁ ጮክ ብሎ ስለሚሰማ ባለቤቱ ቅር አይለውም፤ የሚሰማው ግን ከሁለት ጥሩ ስፒከሮች የማይሻል ነገር ነው። እኔ እንደማየው የችግሩ መነሻ አቀማመጡን ከቴሌቪዥኑ መጀመራችን ነው። ልኬቱ መነሣት ያለበት ሰው ከሚቀመጥበት ቦታ፣ በትክክል ለመናገር ከተቀመጠው ሰው ጆሮ ነው።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ቢ ኤስ 775 የተባለ ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ አድማጩ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ሲቀመጥ መካከለኛው ስፒከር ልክ ፊት ለፊቱ፣ ግራውና ቀኙ እያንዳንዳቸው ከመካከለኛው በ30 ዲግሪ ርቀው፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ይሆናሉ። የኋላ ብለን የምንጠራቸው ስፒከሮች እንግዲህ ከጎን ጥቂት ወደ ኋላ የሚውሉ እንጂ ከማጅራት ጀርባ የሚሰቀሉ አይደሉም። የድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ዶልቢ ለፊተኞቹ ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚፈቅድ፣ ለጠባብ ሳሎን ይህ ልዩነት ትልቅ እፎይታ ነው።

የእኛ የኮንዶሚኒየም ሳሎን 3.4 በ4.6 ሜትር ሲሆን ቴሌቪዥኑ ያለው በጠባቡ ግድግዳ በኩል ነው። ሶፋው እንደ ልማዳችን የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ቢቀመጥ የኋላ ስፒከሮቹ መግቢያ ያጣሉ፤ በዚያ ላይ ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ሥር ስለሚጠራቀም የተቀመጠው ሰው ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ሶፋው ወደ ፊት ተስቦ ጆሮ ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ 3.2 ሜትር እንዲርቅ ተደረገ፤ ከጀርባው የቀረው ቦታም ወደ መኝታ ቤት መተላለፊያ ሆነ። ግራና ቀኝ ስፒከሮቹ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብለው እርስ በርስ በ2.4 ሜትር ሲራራቁ እያንዳንዳቸው ወደ 22 ዲግሪ ተኩል ላይ ይውላሉ። ለልኬቱ ሜትርና ሲባጎ ይበቃል፤ ከጆሮ ቦታ እስከ ግራው ስፒከር የተወጠረው ሲባጎ ሳይረዝምና ሳያጥር ቀኙንም መንካት አለበት። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር ደግሞ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ማለትም ከወለሉ ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ላይ ብትሆን ይመረጣል።

በፊልም ውስጥ ሰዎች የሚነጋገሩት በአብዛኛው በመካከለኛው ስፒከር በኩል ነው፤ «ሙዚቃው ይጮሃል፣ ንግግሩ ግን አይሰማም» የሚለው አቤቱታም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ አቀማመጥ ነው። ይህ ስፒከር ከመስተዋት በሮች ጀርባ ቡፌ ውስጥ መግባት የለበትም። ከቴሌቪዥኑ በታች ሲቀመጥ ፊቱ ከስታንዱ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ መደርደሪያውን እየመታ ይደበዝዛል። ከፊት ለፊት ሥሩ ትንሽ ጎማ አድርጎ ወደ ጆሮ ቀና ማድረግም ይረዳል። ዳንቴል ጣል የሚያደርጉበት ቤተሰቦች አይስጉ፣ ስስ ዳንቴል የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከዳንቴሉ ላይ የሚቀመጠው የአበባ ማስቀመጫ ግን መንቀጥቀጡ አይቀርም።

የኋላ ስፒከሮቻችን በጎንና ጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ከጆሮ ወደ ኋላ 56 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከሶፋው ድጋፍና ከሰው ጭንቅላት በላይ እንዲያልፉ ደግሞ ከጆሮ ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው ተሰቅለዋል። እነዚህ ለጆሮ ከፊተኞቹ በ1.3 ሜትር ገደማ ይቀርባሉ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የኋላው ከፊተኛው ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጆሮ ደግሞ ድምፅ ከወዴት እንደ መጣ የሚፈርደው ቀድሞ በደረሰው ነው። በአምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት የሚያስሞላው ክፍል የተሠራው ለዚህ ነው፤ ርቀቱ በትክክል ሲሞላ የቅርቡን ድምፅ ያዘገየዋል። (የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩን ያሳሳዋል እንጂ የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ ወሳኙ ሙቀቱ ነው።)

ሽቦው በዞኮሎው ላይ ተከትሎ ወይም በምንጣፍ ሥር ሊሄድ ይችላል፤ ዋናው ቀዩና ጥቁሩ ጫፍ በሁለቱም ወገን አለመቀያየሩ ነው። የአንዱ ስፒከር ከተገለበጠ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ባሱ ይጠፋል፣ ድምፁም መሐል አልባ ሆኖ ይበተናል። ጥርጣሬ ካለ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ ጫፎቹን ለቅጽበት በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ መንካት ነው፤ ቀዩ ፖዘቲቩን ሲነካ የወፍራም ድምፁ ስፒከር ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት።

ትልቁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ሰብ ዉፈሩ ነው። የ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ ሞገድ 4.3 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ጆሮ ከወዴት እንደ መጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ይህም የትም ቢቀመጥ ያው ነው የሚል ግምት አሳድሯል። ምንጩ አለመታወቁ እውነት ቢሆንም መጠኑ ግን ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። በእኛ ሳሎን ርዝመት 37 ኸርዝ አካባቢ፣ በስፋቱ ደግሞ 50 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ይጎላል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። ጥግ ባሱን ከሁሉ አብልጦ ያጎላል፤ ይህ ግን ጥራት አይደለም። ፍቱኑ ዘዴ ሰብ ዉፈሩን ራሱን ሶፋው ላይ፣ ከሰው መቀመጫ አስቀምጦ ባስ ጊታሩ ከፍና ዝቅ የሚል ሙዚቃ መክፈትና በግድግዳው ዳር ዳር ጎንበስ ብሎ እየዞሩ ማዳመጥ ነው። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ የሰብ ዉፈሩ ቦታ ነው። ለቤት ሰዎች አስቂኝ ትርዒት ቢሆንም ከየትኛውም ውድ ሽቦ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ብሎኬት ወፍራም ድምፅን አይገታም፤ ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ማድረግና ማታ ማታ የአምፕሊፋየሩን የሌሊት ምርጫ (ድንገተኛ ጩኸትን የሚያለዝበውን) ማብራት የጉርብትና ግዴታ ነው።

ሴራሚክ ወለል ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያስተጋባ ከሶፋው ፊት ምንጣፍ ይነጠፍ። አምፕሊፋየሩ ስፒከሮቹን ራሱ የሚለካበት ማይክሮፎን ካለው ማይክሮፎኑ በጆሮ ቦታና ከፍታ ላይ እንጂ በሶፋው ክንድ ላይ አይቀመጥ፤ ሰዓቱም ቆራሌው የማይጣራበት ይሁን። ማሽኑ ትንንሾቹን ስፒከሮች ትልቅ ብሎ ከመዘገባቸው ወደ ትንሽ ለውጦ ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብ ዉፈሩ መተው ይሻላል።

በኤል ሼፕ ሶፋ አጭሩ ክፍል ላይ የሚቀመጥ ሰው ለአንደኛው የኋላ ስፒከር እጅግ ስለሚቀርብ ፊልሙን በአንድ ጆሮው ይሰማል። ይህ ሙሉ መፍትሔ የለውም፤ በበዓል ቀን ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ የዚያን ስፒከር ድምፅ በ3 ዴሲቤል ዝቅ አደርገዋለሁ።