ጣሳዋን ያላየው ሃያሲ

አዲስ የህንድ ፊልም በወጣ ቁጥር አምስት መስመር ፍርድ እጽፋለሁ። ልጀምር ለሚል ሰው የማወራው አንድ ነገር አለኝ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልክፍቱ ከመርካቶ ነው የመጣው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ አንድም ቃል ሳይገባን፣ አክተሩ ከጠፋች እናቱ ጋር ሲገናኝ አብረን ያለቀስን ልጆች ነን። በኋላ ለሥራ ዱባይ መጣሁ። ዴራ ውስጥ ጨርቅ መሸጫ ገባሁ። ህንድ ውስጥ አዲስ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዓርብ ነው። እዚህ ደግሞ ሐሙስ ማታ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። የመርካቶው ልጅ ከህንዶቹ ቀድሞ ሲያይ አስቡት!

የማውቃቸው አበሾች አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። የቀናቸው በሳምንት አንድ ቀን ይወጣሉ። ያቺን ቀንና የቲኬቱን ብር በማይረባ ፊልም ማቃጠል አይፈልጉም። "የትኛውን እንግባ?" ይሉኛል በኢሞ። እመልሳለሁ። መልሴ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ ሄዶ የማላውቃቸው ሰዎች "የፊልሙ ልጅ" ይሉኝ ጀመር። ልቤ አበጠ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቲኬት በስልክ ትቆርጣለህ። ከኋላ መሃል ላይ ትቀመጣለህ። ከስር የሚጻፈው አረብኛና እንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩን ይነግርሃል፣ ቀልዱን ግን ይገድለዋል። አዳራሹ ሁሉ ሲስቅ አንተ ብቻ ዝም ካልክ በማግስቱ ህንዳዊ ባልደረባህን ጠይቅ። በቃ።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

ፊልሙ "አንዳዱን" ይባላል። ህንድ ውስጥ የወጣው መስከረም 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ዳይሬክተሩ ስሪራም ራጋቫን፣ ዋናዎቹ ተዋናዮች አዩሽማን ኩራናና ታቡ ናቸው። ዓይነ ስውር ነኝ ብሎ የሚያስመስል ፒያኖ ተጫዋች ግድያ ያጋጥመዋል። አላይም ብሏልና አየሁ ማለት አይችልም። ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል?

የገባሁት በሥራ ቀን፣ ማታ 3፡15 ላይ ነው። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነው። ማስታወቂያውና የመሃሉ እረፍት ሲደመርበት እኩለ ሌሊት ሊነካ ነው። ሜትሮው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ያቆማል። ታክሲ ከያዝኩ የሁለት ቀን ምሳዬ ሄደ። ይህን ሁሉ ቲኬቱን ስቆርጥ አውቀዋለሁ። አውቄ ነው የገባሁት! እስካሁን የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

(ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ። የምሬን ነው።)

ወደ መጨረሻው ታሪኩ ሁለት ዓመት ዘሎ አውሮፓ ይገባል። ሰውዬው አስመሳይነቱ ቀርቷል፤ ገዳይዋ ሴት በእውነት አሳውራዋለች። ካፌ ቁጭ ብሎ ለድሮ ፍቅረኛው የደረሰበትን ይተርካል። አንድ ዶክተር የሴትየዋን ዓይን ወስጄ ላንተ ላድርግልህ ብሎት ነበር። እሱ ግን እምቢ አለ፤ ለቀቃት። እሷ ልትገጨው ስትመለስ አንድ ጥንቸል ዘሎ መስታወቷን መታው፣ እሷም መኪናዋም አለቀላቸው።

ሰዓቴን አየሁ። "ገባኝ" አልኩ። ማረ፣ ፈጣሪም ፈረደለት። የቪዲዮ ቤት ትምህርቴ የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ አክተሩ አይሞትም፣ አክተሩ አይዋሽም። የሰው እግር እየረገጥኩ ወጣሁ። ባቡሩ ላይም ደረስኩ።

እዚያው ባቡር ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "መጀመሪያው እሳት፣ መሃሉ እሳት፣ መጨረሻው ስብከት። ደግ ሰው ያሸንፋል ለማለት አውሮፓ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ከ10 6።" በተለይ "አውሮፓ ድረስ" የምትለዋ ደስ አለችኝ። ለብቻዬ እየሳቅኩ ላክሁት። ተኛሁ።

ዓርብ ማታ አንዲት የወሎ ልጅ፣ እንደ እህቴ የማያት፣ ድምፅ ላከችልኝ። እኔን ሳትሰማ ገብታ አይታዋለች። "ወንድምዬ" አለች፣ "ጣሳዋስ?"

የምን ጣሳ?

ያኔ አላየሁም ማለት ነበረብኝ። በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ "እኔ ያየሁበት አዳራሽ መጨረሻውን ቆርጠውታል፤ ሳንሱሩን ታውቂው የለ" አልኳት። ውሸቱ በዚያን ጊዜ ያስኬድ ነበር። ኤምሬቶች ከ21 ዓመት በላይ የሚል ደረጃ አውጥታ ፊልሞች በዓለም አቀፍ ቅጂያቸው ይታያሉ ያለችው በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት መቁረጥ ብርቅ አልነበረም።

"የት አዳራሽ ነው ያየኸው?" አለች። ነገርኳት።

"እኔም እዚያው ነኝ።"

ውሃ ሆንኩ። እሷም ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ሁለተኛ ቲኬት ቆረጥኩ። ሰውዬው ከካፌው ወጥቶ በምርኩዙ መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል። መንገዱ ላይ አንዲት ባዶ ጣሳ አለች። በምርኩዙ ጠለዛት። ጥርት አድርጎ። አለቀ። ያያል ማለት ነው! ካየ ደግሞ ካፌ ውስጥ ያወራው ምኑ እውነት ነው? ጥንቸሉስ? ዓይኑስ የማን ነው? ስብከት ብዬ የፈረድኩበት ፊልም ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዋሸኝ ቆይቶ፣ መዋሸቱን በአንዲት ጣሳ የሚነግረኝ ፊልም ነበር። እኔ ያቺን ሰዓት ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ "አውሮፓ ድረስ" እያልኩ ስቄያለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሦስት ሴቶች በእኔ ቃል ትተውት ሌላ ፊልም ገብተዋል። የገቡበት ደግሞ የማይረባ ነበር። እኔም ማረሚያ ብዬ "ከ10 9 አድርጉልኝ" ብቻ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አላልኩም። ሙሉውን ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ የታክሲውን ከቲኬቱ ጋር ደምሬ ነው የማስበው። ካልበቃኝ የቀን ሰዓት እጠብቃለሁ፣ የቀን ከሌለ አልገባም። ቀድሞ መጻፍ የሚባለውን ውድድርም ትቻለሁ፤ ማንም አልሸለመኝም።

የሙያው ሰዎች "ፊልሙን አሳድረው፣ ሁለቴ እየው" ይላሉ። እኔ አልቀበልም። አንባቢዬ የሚገባው አንድ ጊዜ ነው፣ ወጥቶም የሚያወራው በዚያው ሌሊት ነው። እንደሱ ሆነህ ጻፍለት። መብራቱ ከበራ በኋላ ግን።

ነጥብ መስጠትም ቀርቷል። ከ10 6 ማለት ምን ማለት ነው? ፊልሙ ለማን እንደሚሆን መናገር ይሻላል። "ትዌልፍዝ ፌል" (12ኛ ክፍል የወደቀ ማለት ነው) በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ሲወጣ፣ አገር ቤት 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ከ100 ሦስቱ ብቻ ያለፉበት ሰሞን ነበር። "ማትሪክ የወደቀ ዘመድ ያላችሁ ግቡ፣ መሐረብ ያዙ" አልኩ፤ ያን ያህል ምስጋና አግኝቼ አላውቅም። በዚያው ዓመት ስለ ወጣው "አኒማል"፦ "3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ። ሽንት ቤት ቀድማችሁ ግቡ። አባቱን የሚወድ ልጅ እንዲህ ከሆነ የማይወደው ይሻላል።" ሙሽሮች ባቡር ላይ ስለሚለዋወጡበት "ላፓታ ሌዲስ" ደግሞ፦ "ዓይነ ርግብ የለበሳችሁም ያወለቃችሁም ግቡ።" በነገራችን ላይ፣ የሻህሩክ ፊልም ላይ ክፉ ልትጽፍ ከሆነ ልከኸው ስልክህን አጥፋ።

የወሎዋ ልጅ አሁን አገሯ ገብታለች። ፍርዴ ግን እስካሁን ይደርሳታል። በላክሁ ቁጥር መልሷ አንድ ቃል ነው፦ "ጣሳዋስ?"

"አየኋት" እላታለሁ።

ባለፈው ግን አንዱ ፊልም ላይ፣ የመጨረሻው ዘፈን ሲጀምር ድካም ነው መሰል እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።